በአማርኛ የሒሳብ ጽሑፍ ውስጥ ስለሚገኙት የዕለት ቃላት

የአንድ ትምህርት የሙያ ቃላት አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ምንጮች ይቀዳሉ። አንዳንዶቹ ከባዕድ ቋንቋ እንዳሉ ይወሰዳሉ፤ እንደ አንግልና እንደ ኢንቲጀር ያሉት ናቸው። አንዳንዶቹ ከግዕዝ ወይም ከአማርኛ ሥር አዲስ ሆነው ይሠራሉ፤ እንደ ንብብር ያሉት ናቸው። ሦስተኞቹ ደግሞ ሰው ሁሉ በገበያና በማጀት ከሚናገራቸው ቃላት መካከል ተመርጠው አዲስ ሥራ የተሰጣቸው ናቸው፤ ማባዛት፥ ስፋት፥ ይዘት፥ አማካይ፥ አባል የዚህ ወገን ናቸው። ስለ መጀመሪያዎቹ ሁለት ወገኖች ብዙ ክርክር ተደርጓል፤ የባዕድ ቃል ይግባ አይግባ፥ ግዕዝ ይበቃል አይበቃም እየተባለ ሲነገር ሁላችንም ሰምተናል። ስለ ሦስተኛው ወገን ግን እምብዛም አይነገርም፤ የዕለት ቃል ለሁሉ የታወቀ ስለሆነ ምንም ችግር የሌለበት ይመስላልና። እኔ በበኩሌ ከሦስቱ ወገኖች ይበልጥ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ይኸው ሦስተኛው ነው እላለሁ። ሰው የማያውቀውን ቃል ትርጉሙን ይጠይቃል፤ የሚያውቀውን ግን ማን ይጠይቃል?

ጉዳዩን እንዳስብበት ያደረገኝ አንድ ትንሽ ነገር ነው። ባለፈው ክረምት የጎረቤታችንን ልጅ ሒሳብ አስጠና ነበር፤ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነው። «ስምንትን በግማሽ አባዛ» አልሁት። ጥቂት አሰበና 16 ብሎ ጻፈ። መልሱ 4 መሆኑን ስነግረው ቀና ብሎ አየኝና «ጋሼ፥ ካባዛሁት እንዴት ያንሳል?» አለኝ። እኔም የምለው ስላጣሁ «ሕጉ እንደዚህ ነው» ብዬ አለፍሁት። ማታ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ልጁ ሒሳቡን ቢሳሳትም ሰዋስዉን አልተሳሳተም። ማባዛት ከበዛ የወጣ ቃል ነው፤ የበዛ ነገር ደግሞ አያንስም። ልጁ ያመነው የእናቱን ቋንቋ ነበር፤ ያሳሳትነው ቃሉና እኔ ነን።

ይህ የአንድ ልጅ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ለዚህ መጽሔት ባልበቃም ነበር። አማርኛ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ፤ የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ በኋላ ደግሞ ልጆች በየአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ሲደረግ ከእነዚህ ቋንቋዎች አንዱ ሆኖ ቀጠለ። በአማርኛ የጀመረ ተማሪ፥ እንደየክልሉ ከ7ኛ ወይም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ፥ ሒሳብን በእንግሊዝኛ ይማራል። በዚያን ጊዜ ቃሉን ይለውጣል እንጂ በቃሉ ያገኘውን ሥዕል አይለውጥም። እኔም በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ ሁሉን በእንግሊዝኛ ስማር፥ በልቤ ውስጥ የነበረው ሥዕል ግን ከዚያ በፊት በአማርኛ የተሣለው ነበር። «ሒሳብ አይገባኝም» ብለው ትምህርቱን ከተዉት ጓደኞቻችን መካከል፥ ያልገባቸው ሒሳቡ ሳይሆን ቃሉ ያሳታቸው ስንት ይሆኑ?

እንግዲህ የዕለት ቃል ለሙያ ሲወሰድ ምን ዓይነት መሆን ይገባዋል? ሩቅ ሳንሄድ ባሕረ ሐሳብን እንመልከት። የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበት ይህ የአባቶች ሒሳብ የራሱ የሙያ ቃላት አሉት። ለምሳሌ የ2016 ዓ.ም.ን እናውጣ። በ2016 ላይ 5500 ሲደመር 7516 ዓመተ ዓለም ነው። ይህ ለ19 ሲካፈል 11 ይተርፋል፤ ከ11 አንድ ሲቀነስ 10 ነው፤ ይህ 10 የዓመቱ ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ የሚቀረው 20 አበቅቴ ነው፤ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ የሚቀረው 10 መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መሆናቸው ሥራው ልክ ለመሆኑ ምስክር ነው።

ከእነዚህ ከሦስቱ ቃላት አበቅቴ ከግሪክ የመጣ የውሰት ቃል ነው፤ መጥቅዕ በግዕዝ የሚነፋ ወይም የሚደወል ነገር ስም ነው፤ ወንበር ግን ሁላችንም የምንቀመጥበት ወንበር ነው። ሆኖም ባሕረ ሐሳብ የሚማር ተማሪ የዓመቱን ወንበር ከቤቱ ወንበር ጋር ሲያምታታ አልታየም። ምክንያቱም ሁለቱ እጅግ የተራራቁ ናቸው። ቃሉ ተማሪውን «በዚህ ቤት ሌላ ሥራ አለኝ፤ ሥራዬን ጠይቀኝ» ይለዋል፤ ተማሪውም ይጠይቃል።

በውጭ አገር ሒሳብም የዚህ ዓይነት ቃል ሞልቷል። ጀርመናዊው ዴዴኪንድ በ1871 እ.ኤ.አ. መደመር፥ መቀነስ፥ ማባዛትና በዜሮ ካልሆነ በቀር ማካፈል ከውስጡ ሳይወጡ የሚሠሩበትን የቁጥሮች ስብስብ ኮርፐር፥ ማለት አካል ብሎ ሰየመው፤ ማንም እጅና እግር አልፈለገበትም። የሳይን ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይልቅ ያስገርማል። የሕንድ ሊቃውንት በሳንስክሪት ጅያ፥ የቀስት አውታር ብለውት የነበረው ቃል ወደ ዐረብኛ ጂባ ተብሎ በድምፁ ገባ፤ በኋላ በአናባቢ ጉድለት ጀይብ፥ ማለት የልብስ እጥፋት ወይም ብብት ተብሎ ተነበበ፤ በ12ኛው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. ደግሞ ወደ ላቲን ሲኑስ ተብሎ ተተረጐመ። ከስሕተት የተወለደ ቃል ነው፤ ግን ከሥራው እጅግ የራቀ ስለሆነ እስከ ዛሬ ማንንም ሳያስት ይሠራል።

ሁለተኛው መልካም ዓይነት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ከሥራው ጋር እጅግ የቀረበ፥ በዕለት ትርጉሙ የሚለው ሁሉ በሒሳቡም እውነት የሆነ ቃል። የዐረቦቹ አልጀብር እንዲህ ያለ ነበር። በ9ኛው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. በባግዳድ የነበረው አልኸዋሪዝሚ በመጽሐፉ ርእስ ላይ ያኖረው ይህ ቃል የጐደለውን መመለስ፥ የተሰበረውን መጠገን ማለት ነው፤ የእኛ ወጌሻ የሚሠራውን ሥራ የሚጠራ ቃል ነው። ከአንድ ነገር 3 ተቀንሶ 5 ቢቀር፥ የተቀነሰውን 3 በሁለቱም ወገን መልሶ ነገሩን መጠገን ነው፤ ነገሩ 8 ነው። ቃሉን የሰማ ዐረብ ምን መሥራት እንዳለበት ከቃሉ ይገባው ነበር። እኛ ግን አልጀብራ ስንል የወጌሻው እጅ አይታየንም።

በአማርኛም እንደዚህ ያሉ ቃላት አሉን። ሹል አንግል የሚለውን ማንም ልጅ ያለ አስተርጓሚ ይሥለዋል። አባል የሚለው ቃልም እጅግ የታደለ ነው። አንድ ሰው በእድር መዝገብ ላይ ስሙ ሁለት ጊዜ ቢጻፍ ሁለት አባል አይባልም፤ ስለዚህ በስብስብ ውስጥ 1 ሁለት ጊዜ ቢጻፍ አንድ አባል ነው። የሰፈር እድሮች ተሰብስበው ኅብረት ቢያቆሙ የኅብረቱ አባላት እድሮቹ ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም። እኔ የእድሬ አባል ነኝ፤ እድሬ የኅብረቱ አባል ነው፤ እኔ ግን የኅብረቱ አባል አይደለሁም። በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ብዙዎቻችንን ያደናገረን ነገር ይህ ነበር፤ በእድር ቢነገረን ኖሮ በአንድ ደቂቃ ይገባን ነበር። ያደናገረንም «በስብስቡ ውስጥ አለ» የሚለው ልቅ አነጋገር ነው፤ አባል መሆንንና ንዑስ ስብስብ መሆንን አይለይምና።

ስለዚህ ለዕለት ቃል አንድ ሕግ ማውጣት የሚቻል ይመስለኛል። ቃሉ ወይ ከሥራው እጅግ ይራቅ፥ ወይ እጅግ ይቅረብ። አደጋው ያለው በመካከሉ ነው፤ ግማሹን እውነት ተናግሮ ግማሹን በሚዋሽ ቃል። አሁን ከእነዚህ መካከለኞች ጥቂቶቹን ልመርምር።

መጀመሪያ ስፋት ነው። በመጽሐፎቻችን የሬክታንግል ስፋት ርዝመቱ በወርዱ ሲባዛ የሚገኘው ነው። በዕለት አማርኛ ግን «የወንዙ ስፋት» ስንል ወርዱን ማለታችን ነው፤ ሰፊ የጠባብ ተቃራኒ ነው። አንድ ማሳ ርዝመቱ 40 ሜትር፥ ወርዱ 5 ሜትር ቢሆን ስፋቱ 200 ካሬ ሜትር ነው። ሌላው በሁሉም ጐኑ 12 ሜትር ቢሆን 144 ካሬ ሜትር ነው። «የትኛው ይሰፋል?» ተብሎ የተጠየቀ ልጅ ሁለተኛውን ቢያሳይ ምን ጥፋት አለበት? የመጀመሪያው ጠባብ ማሳ ነው፤ ጠባብ ነገር ደግሞ ሰፊ አይባልም። የጂኦግራፊ ጸሐፊዎች ይህን ችግር ያወቁት ይመስላል፤ ስለ አገር ሲጽፉ «የቆዳ ስፋት» ይላሉ። ቆዳ ሲዘረጋ ርዝመቱም ወርዱም አብሮ ስለሚታይ፥ አንዲት ቃል ተጨምራ ውሸቱን አጥራዋለች። የሒሳብ መጽሐፍም ከጂኦግራፊ ይህን ቢማር አያፍርም።

ይዘትም የስፋት ወንድም ነው። የእንስራ ይዘት ሲባል የሚይዘው ውሃ ነው፤ ይህ መልካም ነው። ግን የአንድ ድንጋይ ይዘት ሲባል ድንጋዩ ምን ይይዛል? እንስራውም ቢሆን ሁለት ልክ አለው፤ ሸክላው ወፍራም በሆነ መጠን በውጭ የሚይዘው ቦታና በውስጥ የሚይዘው ውሃ ይለያያሉ። ቃሉ የውስጡን ይናገራል፤ ቀመሩ ብዙውን ጊዜ የውጭውን ያሰላል። ስለዚህ መጽሐፉ «ይዘት ስንል አካሉ በቦታ ውስጥ የያዘው ስፍራ ነው እንጂ በውስጡ የሚገባው ነገር አይደለም» ብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢያጥረው ይበቃው ነበር።

ሦስተኛው የሙሉ ቁጥር ነገር ነው፤ ይህ ከሁሉ የከፋ ነው። በመጽሐፍ ሙሉ ቁጥሮች 0፥ 1፥ 2፥ 3 እያሉ የሚሄዱት ናቸው። በመንገድ ግን ሙሉ ማለት ለሁለት የሚካፈለው፥ ጐዶሎ ማለት የማይካፈለው ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ የግል መኪኖች በሰሌዳቸው የመጨረሻ ቁጥር ሙሉና ጐዶሎ እየተባሉ በተራ እንዲወጡ ሲደረግ፥ አሽከርካሪው ሁሉ ቃሉን በዚህ ትርጉም ተረዳው። እንግዲህ 7 በትምህርት ቤት ሙሉ ነው፤ በመንገድ ጐዶሎ ነው። አንድ ቁጥር በአንድ ቋንቋ በአንድ ቀን ሙሉም ጐዶሎም ሆነ ማለት ነው። መጽሐፎቹ ለመንገዱ «ሙሉ» ተጋማሽ፥ ለ«ጐዶሎው» ኢ-ተጋማሽ የሚሉ ቃላት ማስገባታቸው የሚመሰገን ነው፤ ተጋማሽ ትርጉሙን በራሱ ተሸክሞ የሚመጣ ቃል ነው። ነገር ግን ተጋማሽም ቢሆን አጥር ይሻል። ሰባት እንጀራ ለሁለት ሰው ሦስት ተኩል፥ ሦስት ተኩል ተብሎ ይጋመሳልና፥ «ወደ ሁለት እኩል ሙሉ ቁጥሮች የሚጋመስ» መባል አለበት።

አራተኛው እኩል ነው። እኩል በዕለት አማርኛ ሁለት ፊት አለው። «እኩል ተካፈሉ» ስንል ያለ ልዩነት ማለት ነው፤ «እኩሉ ሄደ፥ እኩሉ ቀረ» ስንልና እኩለ ሌሊት ስንል ግን ግማሽ ማለት ነው። በዚህ ላይ በእኩል ምልክት የተያያዙትን ሁለት ወገኖች እኩልታ ብለን ሰየምናቸው፤ ግማሽ ደግሞ እኩሌታ ይባላል። በጽሑፍ ልዩነቱ በአንድ ፊደል ነው፤ በመምህር አፍ ከኋላ ለተቀመጠ ተማሪ ግን ልዩነቱ ጨርሶ ላይሰማ ይችላል።

ከዚህ የሚብሰው ምልክቱን የምናነብበት መንገድ ነው። «ሦስትና አራት ሰባት ይሆናል» እንላለን። ይሆናል በአማርኛ ወደፊት የሚመጣን ለውጥ ወይም የሚጠረጠርን ነገር ይናገራል፤ «ነገ ይመጣ ይሆናል» እንደምንለው ነው። ሦስትና አራት ግን ሰባት ናቸው፤ ገና የሚሆኑትም የሚጠረጠርም ነገር የለም። ከዚህ አነጋገር የተነሣ ተማሪ ምልክቱን «ከዚያ ይህ ይመጣል» ብሎ ይረዳውና 3+4=7×2=14 ብሎ ይጽፋል። እያንዳንዱ እርምጃ በልቡ ትክክል ነው፤ መሥመሩ ግን 7 ከ14 ጋር እኩል ነው ብሎ ይመሰክራል። መምህሩ «እኩል ነው» ብሎ ቢያነብና ተማሪውም እንዲሁ እንዲያነብ ቢያስገድደው፥ ጆሮው ራሱ ስሕተቱን ይይዘው ነበር።

አምስተኛው ንብብር ነው። ይህ ቃል በሥራ አዲስ ቢሆንም ከተነባበረ የወጣ ስለሆነ የዕለት ሥዕል አለው፤ አንዱ ቁጥር በሌላው ላይ ተነባብሮ መጻፉን ያሳያል። ችግሩ የሚያሳየው የቁጥሩን ጠባይ ሳይሆን የጽሑፉን መልክ መሆኑ ነው። 5 ሳይነባበር ይጻፋል፤ ግን ንብብር ነው። 0.25 በአንድ መሥመር ይጻፋል፤ እርሱም ንብብር ነው። የ2 ዳግም ዘር ለ2 ሲካፈል ግን በወረቀቱ ላይ አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብሮ ይጻፋል፤ ሆኖም ኢ-ንብብር ነው። ቃሉ ዐይንን ያስተምራል፤ ልብን አያስተምርም። አውሮጳውያኑም በዚህ ቦታ አልተሳካላቸውም። ዐረቦቹ እንደነዚህ ያሉትን ሥሮች ደንቆሮ ብለው ነበር፤ ላቲኑም እንዲሁ ተረጐመው፤ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሰርድ እየተባለ የምንማረው ይኸው ደንቆሮ ነው። ደንቆሮ ግን ከነንቀፌታው የራቀ ስለሆነ አያስትም፤ ንብብር የቀረበ ስለሚመስል ያስታል።

የመጨረሻው አማካይ ነው። አምስት ሠራተኞች በወር 2፥ 2፥ 3፥ 3 እና 40 ሺሕ ብር ቢያገኙ፥ ድምሩ 50 ሺሕ፥ አማካዩ 10 ሺሕ ብር ነው። ይህን የሰማ ሰው ከመካከል ያለው ሠራተኛ 10 ሺሕ ያገኛል ብሎ ይረዳል፤ ቃሉ ከመካከል የመጣ ነውና። ነገር ግን በመካከል ያለው የሚያገኘው 3 ሺሕ ነው፤ 10 ሺሕ የሚያገኝ ደግሞ ከአምስቱ አንድም የለም። እዚህ ላይ ነገሩ ከክፍል ይወጣል። አማካይ ገቢ፥ አማካይ ምርት፥ አማካይ ውጤት እየተባለ በጋዜጣና በራዲዮ ሲነገር የሚሰማው ሰው የሚፈርደው በዕለት ትርጉሙ ነው። ድምሩ እኩል ቢከፋፈል ለያንዳንዱ የሚደርሰው ስለሆነ፥ «የደርሶ ልክ» ወይም ሌላ ድርሻን የሚያሳይ ስም ቢገኝለት ይሻል ነበር፤ ቢቀር ግን በተነገረ ቁጥር በመካከል ያለውም ቁጥር አብሮ ይነገር።

በዚህ ትችት ላይ ሁለት መቃወሚያ ሊቀርብ ይችላል። የመጀመሪያው፥ «ይህ ሁሉ ጣጣ ከሚመጣ የባዕዱን ቃል እንዳለ ወስደን ብንገላገልስ?» የሚል ነው። የባዕድ ቃል አይዋሽም፤ ይህ እውነት ነው። ግን የማይዋሸው ምንም ስለማይናገር ነው። በዚያ ላይ ባዕዱም ቢሆን በአገሩ ከዚህ አያመልጥም፤ ዴካርት በ1637 እ.ኤ.አ. ምናባዊ ብሎ የሰየማቸው ቁጥሮች እስከ ዛሬ የሌሉ ነገሮች እየመሰሉ ተማሪን ያስቸግራሉ። የኔዘርላንዱ ስቴቪን ደግሞ በ16ኛው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ስለ ዐሥርዮሽና ስለ ሚዛን ሲጽፍ ከላቲን ይልቅ የአገሩን ቃላት መረጠ፤ የአገሩም ሰዎች ዛሬ ሒሳብን የሚጠሩት ከእርሱ በወረሱት ቃል፥ የተረጋገጠ ነገር ዕውቀት ብለው ነው። ስለዚህ የአገር ቃል መጠቀም የሚቻል ነገር ነው፤ ጥያቄው እንዴት የሚለው ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ፥ «እነዚህ ቃላት ሥር ሰድደዋል፤ አሁን መለወጥ ሌላ ድንግርግር ያመጣል» የሚል ነው። በዚህ እስማማለሁ። እኔም ማባዛት ይሻር፥ ስፋት ይጣል አላልሁም። የምለው ቃሉ ሲገባ ከዕለት ትርጉሙ ምን ይዞ እንደገባና ምን በደጅ ትቶ እንደገባ በግልጽ ይነገር ነው። ለማባዛት እንኳ መድኃኒቱ በቋንቋችን ውስጥ አለ። «ሦስት ጊዜ ስምንት» እንላለን፤ «ግማሽ ጊዜ ስምንት» ግን አንልም፤ «የስምንት ግማሽ» ነው የምንለው። ልጁን «ከአንድ በሚያንስ ቁጥር ማባዛት ማለት የዚያን ያህል ድርሻ መውሰድ ነው» ብዬው ቢሆን ኖሮ፥ የስምንት ግማሽ 4 መሆኑን ለማወቅ እኔን ባላስፈለገው ነበር።

እንግዲህ በአማርኛ ሒሳብ ለሚጽፉና ለሚያስተምሩ፥ ነገ ከእኛ መካከል ይህን ሥራ ለሚይዙትም፥ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ አንድ የዕለት ቃል ከመመረጡ በፊት በዳር ላይ ይፈተን፤ በዜሮ፥ በአንድ፥ በግማሽ፥ በነጌቲቭ ቁጥርና በባዶ ስብስብ ላይ ይሞከር። በመካከል ሁሉም ቃል ያምራል፤ ውሸቱ የሚወጣው በዳር ነው። ሁለተኛ፥ ቃሉ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ እኩልታና እኩሌታ በጽሑፍ ቢለዩም በጆሮ ላይለዩ ይችላሉና። ሦስተኛ፥ ለአንድ ነገር አንድ ቃል ይያዝ፤ ወርድ ለወርድ፥ ስፋት ለስፋት ብቻ ይሁን፥ በአንድ ገጽም ሁለቱ አይቀያየሩ።

ያን ልጅ ከዚያ በኋላ አግኝቼው ስምንት እንጀራ በአእምሮው አስቀምጦ ግማሹን እንዲያነሣ ነገርሁት። «ይኼማ ማባዛት አይደለም፤ መውሰድ ነው» አለኝ። እኔም መጽሐፉ ይህን መውሰድ ማባዛት ብሎ እንደሚጠራው፥ ለምንም እንደሆነ ነገርሁት። ጥቂት ዝም ብሎ «እሺ፥ ስሙ ነው እንጂ» አለ። ይህን በመጀመሪያው ቀን ልነግረው ይገባኝ ነበር።